የሐውልቶች ክብርና የማንሣት ጥያቄ፡- ማን ይወስናል? በምን አሠራር?

ከአዲስ አበባ በደቡብ ምሥራቅ አቅጣጫ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ዱከም መንገደኛ አረፍ የሚልባትና ቁርጥ የሚቀምስባት ከተማ ናት። የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ከተቋቋመባት ወዲህ ደግሞ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ አካባቢዎች የመጡ ሠራተኞች መኖሪያ ሆናለች። ማለዳ ከአዲስ አበባ ፒያሳ ተነሥቶ በዱከም በኩል ለመስክ ሥራ ወደ አርሲ የሚያመራ የመንግሥት ሠራተኛ በዚያው የአንድ ቀን ጉዞ ሁለት ሐውልቶችን ያያል። ጠዋት የሚያልፈው በፈረስ ላይ የተቀመጡትን የዳግማዊ አፄ ምኒልክን ሐውልት ነው። ከሰዓት በኋላ በአርሲ ዞን ሔጦሳ ወረዳ የሚያገኘው የአኖሌ ሐውልት ደግሞ የተቆረጠ ጡት የያዘ እጅ የሚያሳይ ሲሆን፣ በ1870ዎቹ በአርሲ ኦሮሞ ላይ በተካሄደው ዘመቻ የንጉሡ ሠራዊት ፈጸመው ለሚባለው ድርጊት መታሰቢያነት የቆመ ነው።

የመጀመሪያው ሐውልት ጥቅምት 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ተመረቀ። ሁለተኛው በኦሮሚያ ክልል መንግሥት ተሠርቶ መጋቢት 2006 ዓ.ም. ተመረቀ። ሁለቱም በመንግሥት ኃላፊነት የቆሙ፣ ሁለቱም ሕግ የሚጠብቃቸው፣ ሁለቱም ስለ አንድ ዘመንና ስለ አንድ ንጉሥ የሚናገሩ ናቸው። ይሁንና የሚናገሩት ነገር አንድ አይደለም። በአንዱ ጥግ “ይህ ሐውልት ይነሣልን” የሚል ድምፅ ሲሰማ፣ በሌላው ጥግም ተመሳሳይ ድምፅ ስለ ሌላኛው ሐውልት ይሰማል።

ጥያቄው በየጊዜው የሚነሣ ቢሆንም ለመንግሥት ሠራተኛውና ለኃላፊው ግን የክርክር ርእስ ብቻ አይደለም። አቤቱታው በመጨረሻ የሚያርፈው በአንድ ከንቲባ፣ በአንድ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም በአንድ የከተማ ምክር ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ጨምሮ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞች በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ከተሞች በተስፋፉ ቁጥር አዳዲስ አደባባዮችና መንገዶች ስም ይፈልጋሉ። ለማን ክብር ይቆማል፣ የማንስ ይነሣል የሚለው ጥያቄም አብሮ መምጣቱ አይቀርም።

የአገሪቱ የቅርብ ታሪክ እንደሚያሳየው የሐውልቶች ዕጣ ፈንታ እስከ አሁን በአብዛኛው የተወሰነው በአሠራር ሳይሆን በኃይል ሚዛን ነው። የምኒልክን ሐውልት ለመጀመሪያ ጊዜ ከቦታው ያነሣው የፋሺስት ኢጣሊያ ወራሪ መንግሥት እንደነበረ ይታወሳል። ወራሪው የአድዋ ድል መታሰቢያ በአዲስ አበባ እምብርት ቆሞ ማየት አልፈለገም። ሐውልቱ ከሕዝብ ዓይን ተሰውሮ ቆየና አገሪቱ ነፃነቷን ካስመለሰች በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። ይህ ታሪክ ዛሬም በሐውልቱ ላይ ለሚካሄደው ክርክር ክብደት አለው። ብዙዎች “ይነሣ” የሚለውን ቃል ሲሰሙ መጀመሪያ የሚታወሳቸው የወራሪው ድርጊት ነው። ጥያቄውን የሚያነሡት ወገኖች ግን ከወራሪው ጋር አንዳች ግንኙነት የሌላቸው፣ የአያቶቻቸውን መከራ የሚያነሡ ዜጎች ናቸው። ሁለቱን አቀላቅሎ ማየት ለማንም አልጠቀመም።

የደርግ መንግሥት ሥልጣን ሲይዝ የንጉሠ ነገሥቱን ስም ከተቋማት ላይ አነሣ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በምትኩ የሌኒን ሐውልት በአፍሪካ አዳራሽ አቅራቢያ ቆመ፤ የካርል ማርክስ ሐውልትም በስድስት ኪሎ ቆመ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው በወጡ ቀናት ውስጥ የሌኒን ሐውልት ተገነደሰ። ማርክስ ግን እስከ ዛሬ በቦታው አለ። ሁለቱም የአንድ ርዕዮተ ዓለም ምልክቶች ሆነው ሳለ አንዱ ወድቆ ሌላው የቀረበትን ምክንያት የሚያስረዳ ቃለ ጉባዔ ቢፈለግ የሚገኝ አይመስልም። በዚያ ሰሞን ማንም ተቀምጦ አልመከረም፤ ሕዝቡ ያየውንና የጠላውን ጣለ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አቅራቢያ በ1977 ዓ.ም. የቆመው የትግላችን ሐውልትም ቀይ ኮከቡን እንደያዘ ዛሬም ይታያል። ያ ሐውልት የተመረቀው በሰሜን ኢትዮጵያ ሕዝብ በረሃብ በሚያልቅበት ወቅት፣ ቀይ ሽብር ከተፈጸመም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ሐውልቱን ከማፍረስ ይልቅ የተመረጠው መንገድ ሌላ ነበር፤ በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ተከፈተ። የአንዱ ዘመን የድል ምልክትና የዚያው ዘመን ሰለባዎች ዐፅም ያረፈበት ቤት በአንድ ከተማ ውስጥ አብረው ይገኛሉ።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበው የሰኔ 2012 ዓ.ም. ክስተት ነው። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 መገደሉን ተከትሎ በተነሣው ሁከት የበርካታ ሰዎች ሕይወት ጠፍቷል፤ ንብረትም ወድሟል። በዚያው ሰሞን በሐረር ከተማ የልዑል ራስ መኮንን ሐውልት በወጣቶች ተገንድሶ ወደቀ። በለንደን ዊምብልደን በሚገኝ መናፈሻ የነበረው የቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ ሐውልትም በተመሳሳይ ቀናት ተሰባበረ። ራስ መኮንን ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረርን የገዙ፣ በአድዋ ዘመቻም ከዋነኞቹ የጦር አዝማቾች አንዱ የነበሩ ሰው ናቸው። ለአንዱ ወገን የጨለንቆ ገዥ፣ ለሌላው የአድዋ ጀግና ናቸው። ሁለቱም እውነት ነው። ሐውልቱ ሲወድቅ ግን ማንም ወገን ይህን እውነት ለሌላው ለማስረዳት ዕድል አላገኘም። ሐውልቱን የጣሉት ወጣቶች ምን እንደጎዳቸው አልተጠየቁም፤ በመውደቁ ያዘኑትም አልተሰሙም። የቀረው ነገር ቢኖር ቁጣና ቂም ነው።

ከዚህ አኳያ መጀመሪያ መለየት ያለባቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው “ይህ ሐውልት ቅርስ ነው ወይ?” የሚለው ነው። ሌላው “ይህ ሰው በአደባባይ ሊከበር ይገባዋል ወይ?” የሚለው ነው። በየስብሰባው የሚታየው አብዛኛው ግርግር የሚመነጨው ሁለቱ እንደ አንድ ጥያቄ ስለሚቀርቡ ነው። ቅርስ የሆነ ነገር ሁሉ ክብር ይገባዋል ማለት አይደለም። የባሪያ ሰንሰለት በሙዚየም ሲቀመጥ ቅርስ ነው፤ ማንም ግን ሰንሰለቱን ለማክበር አስቀመጠው አይባልም። በአንጻሩ አንድ ሰው ክብር አይገባውም ተብሎ ስለተወሰነ ሐውልቱ የሚሰባበርበት ምክንያት የለም።

ሕጉ የመጀመሪያውን ጥያቄ በሚገባ ይመልሳል። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብ ኃላፊነት እንዳለበት፣ በአንቀጽ 91 ደግሞ መንግሥትም ሆነ ዜጎች ሁሉ የታሪክ ቦታዎችንና ቅርሶችን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለቅርስ የሰጠው ትርጓሜ ሰፊ ከመሆኑም በላይ የማይንቀሳቀስ ቅርስ የቅርስ ባለሥልጣኑ የጽሑፍ ፈቃድ ሳይገኝ ከነበረበት ቦታ እንዳይነሣ ያግዳል። ቅርስን ማበላሸትና ማጥፋትም በወንጀል ያስጠይቃል። ስለዚህ ማንኛውም ወረዳ ወይም ከተማ በአንድ ሌሊት ግሬደር አቁሞ ሐውልት የማንሣት ሥልጣን የለውም። ሕዝብ ጠይቋል የሚለው ምክንያትም ፈቃድን አይተካም።

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ግን ሕጉ ብዙም አይረዳም። አዋጁ ቅርስን ከጥፋት ለመጠበቅ የወጣ እንጂ አንድ ሰው ለአደባባይ ክብር መብቃት አለመብቃቱን ለመዳኘት የወጣ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39 እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ታሪኩን የመንከባከብ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህ መብት የአርሲ ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን እንዲያስታውሱ ያስችላቸዋል፤ የአድዋን ድል የሚያከብረው ዜጋም ያንኑ መብት ይጠቅሳል። የሁለቱ መብቶች መገናኛ አደባባዩ ሲሆን፣ በዚያ ላይ የሚነሣውን ክርክር በሥርዓት የሚመራ አሠራር ነው የጎደለው።

በሌሎች አገሮች የተሞከሩ መንገዶች ለማነፃፀር ይጠቅማሉ። የአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 ያቋቋመው ኮሚቴ የተቋማት ስም ሲቀየር ሊጠየቁ የሚገባቸውን ነጥቦች አስቀምጦ ነበር። የሰውየው ዋነኛ ውርስ ምንድን ነው? ያ ውርስ በራሱ ዘመን ተቃውሞ ገጥሞት ነበር ወይ? ክብሩ ሲሰጠው ለምን ምክንያት ተሰጠው? ዩኒቨርሲቲው በዚህ መመዘኛ ተመሥርቶ የባርነት ተሟጋች የነበሩትን የጆን ካልሁንን ስም ከአንድ ኮሌጁ ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 አነሣ። መመዘኛው ለካልሁን ቀላል ነበር፤ የሕይወታቸው ዋና ሥራ ባርነትን መከላከል ነውና።

ለሮዶልፎ ግራዚያኒም እንዲሁ ቀላል ነው። ነሐሴ 2004 ዓ.ም. በኢጣሊያ አፊሌ በምትባል ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሲመረቅ ኢትዮጵያውያን በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ ድምፃቸውን አሰምተዋል። በሱሉልታ በኩል ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ የሚያደርሰው ግንቦት 1929 ዓ.ም. መነኮሳት በዚህ ሰው ትእዛዝ ወደተጨፈጨፉበት ወደ ደብረ ሊባኖስ ገዳም ነው። በአዲስ አበባም የየካቲት 12 ጭፍጨፋ የእርሱ ስም ያለበት ነው። ግራዚያኒን ለማክበር የሚቀርብ ከዚህ የተለየ ትልቅ ሥራ የለም። ኢትዮጵያውያን መታሰቢያው እንዲነሣ ሲጠይቁ “ታሪክ አይፈርስም” ብሎ መመለስ እንደማይቻል በሚገባ ያውቁ ነበር። ይህንኑ አባባል አገር ውስጥ እንደ መጨረሻ መልስ የሚያቀርብ ሰው ካለ በአፊሌ ጉዳይ ምን ብሎ እንደነበር ቢያስታውስ ይበጃል።

ይኸው መመዘኛ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሲመጣ ግን ይከብዳል። ለአንዱ ዜጋ ዋነኛ ውርሳቸው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ የተገኘው ድል ነው፤ በመላው አፍሪካና በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ የሚታወቁትም በዚሁ ነው። ለሌላው ዜጋ ዋነኛ ውርሳቸው ወደ ደቡብ፣ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የተደረገው ዘመቻ፣ የተወሰደው መሬትና የተጣለው ገባርነት ነው። በአኖሌ ድርጊት ስፋትና ዝርዝር ላይ የታሪክ ባለሙያዎች አይስማሙም፤ በአርሲ የተካሄደው ዘመቻ ከባድና ደም ያፈሰሰ መሆኑ ግን አያከራክርም። ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው በአድዋ የተዋጋው ሠራዊት ከእነዚሁ አካባቢዎች የተነሡትንም የጨመረ መሆኑ ነው። የአድዋ ድል የንጉሡ ብቻ አለመሆኑን የሚያስረዳ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በፒያሳ የተመረቀው የአድዋ ድል መታሰቢያም ንጉሡን ብቻ ሳይሆን ልዩ ልዩ የጦር መሪዎችንና ተዋጊዎችን ለማሳየት የተሠራ ነው። የምኒልክን ሐውልት ሳይነካ የትረካውን ስፋት የጨመረ እርምጃ ነው ማለት ይቻላል።

ክብር ለምን ሥራ እንደተሰጠ ለይቶ መናገር ትልቅ ጥቅም እንዳለው የሚያሳየው ሌላው ምሳሌ የቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ በወሎ የደረሰው ረሃብና ረሃቡን ለመደበቅ የተደረገው ጥረት በአገዛዛቸው ላይ የሚነሣ ከባድ ጥያቄ ነው። የካቲት 3 ቀን 2011 ዓ.ም. በአፍሪካ ኅብረት ቅጥር ግቢ የቆመላቸው ሐውልት ግን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲመሠረት ስለነበራቸው ድርሻ ነው። ሐውልቱ ስለ ወሎ ምሕረት አልሰጣቸውም፤ እንዲሰጣቸውም አልተጠየቀም። በዚያው ግቢ ከእርሳቸው በፊት ሐውልት የቆመላቸው የጋናው ክዋሜ ንክሩማም ታሪካቸው ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በመፈንቅለ መንግሥት ሲወርዱ በአክራ የነበረው ሐውልታቸው ተገንድሶ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ነበር። ጋናውያን በኋላ የተሰበረውን ሐውልትና የተቆረጠውን ጭንቅላት እንዳሉ በመታሰቢያ ሥፍራቸው አሳይተዋቸዋል። ጎብኚው የሰውየውን ክብርም ውድቀትም በአንድ ቦታ ያያል።

አሠራርን በተመለከተ ትምህርት የሚሰጠው የደቡብ አፍሪካው የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2015 ተማሪዎች የሴሲል ሮድስን ሐውልት በመቃወም ተነሡ። ዩኒቨርሲቲው በሐውልቱ ላይ ውይይት ከፈተ፤ የበላይ ምክር ቤቱም ድምፅ ሰጠበት፤ በሚያዝያ ወር በጠራራ ፀሐይ ሕዝብ እያየ ሐውልቱ በክሬን ተነሣ። የጠየቁትም የተቃወሙትም ውሳኔውን ማን እንደሰጠ ያውቃሉ። በእንግሊዝ ብሪስቶል እ.ኤ.አ. በ2020 የባሪያ ነጋዴው የኤድዋርድ ኮልስተን ሐውልት በሰልፈኞች ተጎትቶ ወደ ወደብ ውኃ ተጣለ። በኋላ ከውኃ ወጥቶ የተቀባው ቀለም ሳይነካ በሙዚየም ለእይታ ቀርቧል። የከተማዋ ነዋሪዎች ሐውልቱ እንዲነሣ ለዓመታት ጠይቀው መልስ ሳያገኙ መቆየታቸው ሊዘነጋ አይገባም። መልስ ያላገኘ አቤቱታ ወደ ገመድ ይቀየራል።

በአገር ውስጥ የተሻለ አሠራር አልታየም ማለት ግን አይቻልም። በስድስት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት፣ ኢጣሊያኖች የሙሶሊኒን የሥልጣን ዓመታት በደረጃዎቹ ቁጥር ለማመልከት የሠሩት ጠመዝማዛ የኮንክሪት ደረጃ አለ። ከነፃነት በኋላ ደረጃው አልፈረሰም። ጫፉ ላይ አንዲት ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠች። ያቺ አንበሳ ዛሬ ማንም ጎብኚ ሳይነገረው የሚረዳውን ነገር ትናገራለች። ደረጃው ቢፈርስ ኖሮ ወራሪው የሠራውንም፣ የተሸነፈበትንም የሚያሳይ ነገር አይኖርም ነበር።

በስም ጉዳይም ልምድ አለ። ከዱከም ቀጥሎ የምትገኘው ቢሾፍቱ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ደብረ ዘይት ተብላ ነበር፤ አዳማም ናዝሬት ተብላ ነበር። ሁለቱም ወደ ቀድሞ ስማቸው ተመልሰዋል። ደብዳቤዎችና የመንገድ ሰሌዳዎች ተቀየሩ እንጂ የከተሞቹ ነዋሪዎች አንዱን ስም በሌላው ላይ እየደረቡ መጥራታቸውን አላቆሙም። ስም መቀየር ማኅበራዊ ትዝታን በአዋጅ እንደማይሽር ማሳያ ነው። ይህ ግን የቀድሞው ስም የተመለሰላቸውን ሰዎች ደስታ ዋጋ ቢስ አያደርገውም።

በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 የተቋቋመው የኢትዮጵያ አገራዊ ምክክር ኮሚሽን መሠረታዊ በሆኑ አገራዊ ጉዳዮች ላይ ያሉ ልዩነቶችን በውይይት ለመፍታት የታሰበ ተቋም ነው። የታሪክ ትርጓሜና ምልክቶች ከእነዚህ ልዩነቶች ውስጥ መሆናቸው ግልጽ ነው። ይሁንና እያንዳንዱን ሐውልት ወደ አገራዊ ጉባዔ መላክ አይቻልም። በከተማ ደረጃ የሚቀርብ አቤቱታ በከተማ ደረጃ መስተናገድ አለበት።

አንድ ጽሕፈት ቤት እንዲህ ያለ አቤቱታ ሲደርሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያደርግ የሚገባው ነገር መዝግቦ መቀበልና ጠያቂው የተጎዳበትን ነገር በጽሑፍ እንዲያስረዳ ማድረግ ነው። ሐውልቱን ማን እንዳቆመው፣ መቼና ለየትኛው ሥራ እንዳቆመው ከመዝገብ ይጣራል። ሐውልቱን የሚወዱት ይሰማሉ፤ የሚጠሉትም ይሰማሉ፤ በአካባቢው የሚኖሩት ግን ምንም ወገን ያልያዙት ደግሞ ይበልጥ ይሰማሉ፤ ሐውልቱን በየቀኑ የሚያዩት እነርሱ ናቸውና። ማስነሣት ሳያስፈልግ በግርጌው የተሟላ ጽሑፍ ማኖር፣ በአጠገቡ የሰለባዎችን መታሰቢያ መጨመር ይበቃ እንደሆነ ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ይበቃል። የማይበቃበት ጊዜ ደግሞ ሊኖር ይችላል። ለምሳሌ በመላ ሕይወቱ በንጹሐን ደም ብቻ የሚታወቅ ሰው በሰለባዎቹ ልጆች ደጃፍ እንዲከበር ማድረግ በየትኛውም ጽሑፍ አይስተካከልም። በዚህ ጊዜ የቅርስ ባለሥልጣኑ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ሐውልቱ የሚቀመጥበት ሥፍራና ኃላፊው አካል አስቀድሞ ይወሰናል፤ ማንሣቱም ቀኑ ተገልጾ በቀን ይከናወናል።

ይህ ሁሉ ከአቅም በላይ ነው የሚል ኃላፊ ካለ የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስን ሐውልት ጉዳይ ቢመለከት መልካም ነው። በፋሺስት ጥይት የተገደሉት ጳጳስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡር ግንባታ ሲባል ከቦታው ሲነሣ ተቃውሞና ጥርጣሬ በርትቶ ነበር፤ ተመልሶ አይመጣም ያሉም ነበሩ። ሐውልቱ የተነሣው ግን በክብሩ ላይ ጥያቄ ስለተነሣ አልነበረም። የሚነሣበት ምክንያት ተገለጸ፤ እንደሚመለስም ለሕዝብ ቃል ተገባ። የግንባታው ሥራ አልቆ በ2008 ዓ.ም. ሐውልቱ ወደ ቦታው ተመልሶ ቆመ።